ሽፈራው ሲመርር፦ ውሃው ይደፋ ወይስ ይጠጣ?

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ ነው። ከገበያ የተገዛ አንድ እስር ሽፈራው (የሞሪንጋ ቅጠል) እንደ ሐበሻ ጎመን ተከትፎ፣ በሽንኩርትና በዘይት 20 ደቂቃ ያህል ተቁላልቶ ቀረበ። ምሬቱ አላስጎረሰም፤ በዚያ ላይ ጥርስ ውስጥ የሚቀር ክር በዛበት። ጠያቂዋ ሦስት ነገር ማወቅ ፈልጋለች፦ ምሬቱ እንዴት እንደሚቀንስ፣ የተቀቀለበት ውሃ ሲደፋ ጥቅሙ አብሮ ይሄድ እንደሆነ፣ በየሱቁ የሚሸጠው ዱቄትስ ከእርጥቡ ይሻል እንደሆነ። ከጥያቄው ሥር 21 የሰዎች ምላሽ ተደርድሯል። የእያንዳንዱን ፍሬ ነገር እዚህ አሰፍራለሁ፤ የማልስማማበት ላይም ዝም አልልም።

1ኛው ምላሽ እህቴ ብሎ በትሕትና ይጀምርና ጥፋቱ ከቅመሙ ሳይሆን ከአዘገጃጀቱ እንደሆነ ይናገራል። ሽፈራው እንደ ጎመን ሰፊ ቅጠል የለውም፤ በረጅም ዘንግ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ ቅጠሎች ናቸው። ዘንጉ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢቀቀል አይለሰልስም፤ ጥርስ ውስጥ የቀረው ክር እሱ ነው። ስለዚህ የዘንጉን ጫፍ በአንድ እጅ ይዞ በሌላው እጅ ሁለት ጣት ቅጠሉን ሸምጥጦ ማውረድ፣ ከዚያ ቀጫጭኖቹን ዘንጎችም መልቀም ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ጊዜ ይፈጃል፤ የሚዘለልበት መንገድ ግን የለም። ሁለተኛው ምክሩ ጥሬውን አለመክተፍ ነው። ጥሬ ቅጠል ሲከተፍ ቅጠሉ ውስጥ ተለያይተው የነበሩ ነገሮች ይገናኙና አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ ሰናፍጭ የሚመስል ጠረን ይነሳል። ሙሉውን የፈላ ውሃ ውስጥ ከጨመሩት ግን ሙቀቱ ይቀድመዋል። ልኩንም ሰጥቷል፦ ለግማሽ ኪሎ የተሸመጠጠ ቅጠል 3 ሊትር የሚንተከተክ ውሃ፣ ያለ ክዳን 10 ደቂቃ፤ ውሃውን ደፍቶ 1 ሊትር ሌላ የፈላ ውሃ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሁለተኛው ውሃ ቀዝቃዛ ከሆነ መብሰሉ ይቋረጥና ቅጠሉ እንደ ቆዳ ይጠጥራል።

2ኛው ምላሽ ከ1ኛው ጋር ይስማማል፤ ግን ነገሩ የሚጀምረው ገበያ ላይ ነው ይላል። ምሬት ከዛፍ ዛፍ ይለያያል። አንድ ጓሮ ውስጥ ጎን ለጎን ከቆሙ ሁለት ሽፈራዎች የአንዱ ቅጠል ለስላሳ፣ የሌላው ሬት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመግዛት በፊት አንድ ቅጠል ቆርጦ ማኘክ፤ ምሬቱ ምላስ ላይ ደርሶ ቶሎ ከጠፋ መግዛት፣ ጉሮሮ ላይ ከተቀመጠ መተው። ጥሩ ዛፍ ያላትን ሻጭ ካገኙ ደንበኛ ማድረግ። ከአንድ ዛፍም ቢሆን ከጫፍ የተለቀመው ለጋ ቅጠል፣ ከታች ካለው ጥቁር አረንጓዴና ወፍራም ቅጠል በግማሽ ጊዜ ይበስላል። ሁለቱን ቀላቅሎ መቀቀል አንዱን ማሟሟት፣ ሌላውን ጥሬ ማስቀረት ነው። ከምላሾቹ ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፤ ድስት ውስጥ ገብቶ የሚስተካከል ነገር ገበያ ላይ ከሚስተካከለው ያንሳልና።

3ኛው አጭር እርማት ነው። ሽፈራው እየተባሉ የሚሸጡት ዛፎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የደቡብ ኢትዮጵያና የሰሜን ኬንያ ተወላጅ የሆነው፣ ጎሞዎችና ወላይታዎች ሀለኮ የሚሉት፣ ግንዱ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ዛፍ ነው። ሌላው ከሕንድ የመጣው፣ ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ ጥቃቅንና ክብ የሆነው የሕንዱ ሞሪንጋ ነው። ማሸጊያ ላይ የሚጻፉት የጥቅም ዝርዝሮች አብዛኞቹ በሁለተኛው ላይ የተለኩ ናቸው። የሕንዱ ቅጠል ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፤ የኛን በሕንዱ ደቂቃ የቀቀለ ሰው ጥሬ ይበላል። (አንድ ፊደል ላርም፦ ጸሐፊው ጎሞዎች ያለው ጋሞዎችን ነው።)

በ4ኛው ምላሽ ድምፁ ከረረ። ውሃ መድፋት የሚባለው ነገር የከተማ ሰው ፈሊጥ ነው፤ ኮንሶ ላይ ኩርኩፋ (ቅጠልና የእህል ድብልብል አብሮ የሚበስልበት ምግብ) ሲሠራ ቅጠሉና እህሉ በአንድ ውሃ ስለሚበስሉ የሚደፋ የለም፤ ምሬቱን የሚውጠው እህሉ ነው ይላል። ቁጣው ቢበዛም አሠራሩን አልነፈገም። 2 ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ ወይም በቆሎና ማሽላ እኩል ለእኩል፣ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይለወሳል። ለብ ያለ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጠንካራ ሊጥ ይሆናል። ውሃው ከ1 ኩባያ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ከሽምብራ ከፍ፣ ከለውዝ ፍሬ ብዙም ሳይበልጥ ይድቦለቦላል። 2 ሊትር ውሃ በኃይል ሲፈላ ድብልብሉ ይገባል፤ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ማማሰያ አይነካውም። ከዚያ 400 ግራም የተሸመጠጠ ለጋ ቅጠል ተጨምሮ መካከለኛ እሳት ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ድብልብሉ ከፈረሰ ወይ ሊጡ ቀጥኗል፣ ወይ ውሃው ሳይፈላ ገብቷል። ሲቆረስ መሐሉ ነጭ ዱቄት ካሳየ ደግሞ ተለቅ ብሏል ማለት ነው፤ ጊዜ መጨመር አያድነውም፣ ቅጠሉ ይሟሟል። ሲወጣ ቅቤ ወይም ዘይት፣ ከጎኑ ዳጣ።

4ኛው ስለ ኩርኩፋ ትክክል ነው። ግን ለጋ ቅጠል ብሎ የጻፈውን ቃል ራሱ ልብ አላለውም። ጠያቂዋ የያዘችው የደረሰ ቅጠል ከሆነ፣ በአንድ ውሃ የሠራችው ኩርኩፋ ያው ምሬት ይሆንባታል።

5ኛዋ መላሽ 1ኛውንና 4ኛውን ልታስታርቅ መጣች። ውሃ ሲደፋ ምን እንደሚሄድና ምን እንደሚቀር ለይታ ጻፈች። ቫይታሚን ሲ፣ ፎሌት፣ ፖታስየም በውሃ ስለሚሟሙ ጥሩ ድርሻቸው ይሄዳል። ቫይታሚን ሲማ ውሃው ባይደፋም በሙቀት ይጎዳል። ፕሮቲኑ፣ አብዛኛው ካልሲየምና ብረቱ፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቢጫ ቀለምም ቅጠሉ ውስጥ ይቆያሉ። ቀለሙ የሚሟሟው በቅባት ስለሆነ ያለ ዘይት ወይም ያለ ቅቤ የበሉት ሽፈራው ከቀለሙ የሚሰጠው ትንሽ ነው። እንግዲህ መፍትሔዋ፦ ለጋው በአንድ ውሃ፣ የደረሰው በሁለት፤ ሦስተኛ ውሃ ግን ሣር መብላት ነው። ቫይታሚን ሲውን የሚፈልግ ሲቀርብ ግማሽ ሎሚ ይጭመቅበት። ሎሚው ቀድሞ ድስት ውስጥ ከገባ አረንጓዴውን ወደ ወይራ ቀለም ያጠፋዋል። ክዳን ክፈቱ የሚባለውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ቅጠሉ ሲበስል የሚለቀው አሲድና ጠረን በእንፋሎት ይውጣ ነው።

6ኛው ምላሽ መጋዶ ወይም ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር ቅጠሉ በ10 ደቂቃ እንደሚለሰልስና አረንጓዴው እንደሚደምቅ ጠቆመ። 7ኛው አፍታም አልቆየም፤ መላሹን ሰው እያሳመመ እንደሚመክር አድርጎ ወረፈው። ወቀሳው ከልክ ያለፈ ነው፤ ከሥሩ ያለው ምክንያት ግን ይያዛል። ሶዳ ቅጠሉን ዝልግልግ ያደርገዋል፣ ቫይታሚን ሲንና ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፣ ሶዲየም ስላለውም ደም ግፊት ላለበት ሰው እንደ ጨው ይቆጠራል። 6ኛው ያልጻፈው ልኩን ነው። ጨምራለሁ ያለ ሰው ለ1 ኪሎ ቅጠል ከሩብ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ በመጀመሪያውና በሚደፋው ውሃ ላይ ብቻ።

8ኛው በሁለት መስመር ትልቅ ነገር ተናግሯል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ ላይ የተለካ ደቂቃ እዚህ አይበቃም፤ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይጨመር። መብሰሉ በሰዓት ሳይሆን በጣት ይታወቅ፦ አንድ ቅጠል በሁለት ጣት ሲታሽ ሳይጎተት ከተለያየ ደርሷል።

9ኛዋ ምላሽ ወደ ምግቡ መለሰችን። ከተቀቀለ በኋላ ወንፊት ላይ አጠንፍፎ በእጅ መጭመቅ፤ ግን አለማድረቅ፤ እፍኙ ሲጨበጥ ጠብ ጠብ ማለት አለበት። አሁን ነው የሚከተፈው። አንድ ትልቅ ራስ ሽንኩርት በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሳይቀላ ይለሰልስ፤ 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና የአውራ ጣት አንጓ የሚያህል ዝንጅብል ተወቅጦ ይግባ፤ ቅጠሉ ተጨምሮ 8 ደቂቃ፤ በመጨረሻ ለሁለት የተሰነጠቀ ቃሪያና የተፈጨ ኮረሪማ። ሽንኩርቱ ከቀላ ወይም ነጭ ሽንኩርቱ ካረረ የራሱ ምሬት ይመጣና ጥፋቱ በሽፈራው ይላከካል። ከሁሉ የሚያበርደው አይብ ነው፦ ለግማሽ ኪሎ ቅጠል 200 ግራም ያህል፣ ድስቱ ከወረደ በኋላ በንጥር ቅቤ የታሸ። እሳት ላይ ሳለ ከገባ ውሃ ይለቅና ይንጠባጠባል። ከዋሳ (ሲዳማዎች ቆጮን የሚሉት) ጋር ሲቀርብ የቆጮው ኮምጣጣነት ለምሬቱ ጥሩ አቻ ነው። በበርበሬ መደፈቅን አትመክርም፤ ምሬትና ማቃጠል ሲደመሩ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሷ ጋር ነኝ። ትንሽ ምሬት መቅረት አለበት፤ ያለሱ የአይቡ ጣዕም ራሱ ጎልቶ አይወጣም።

10ኛው የጨውን ጉዳይ አነሳ። እንደ ጥቅል ጎመን ሁሉ ሽፈራውም ውስጥ አዮዲን ወደ እንቅርት ዕጢ እንዳይገባ ሊሻሙ የሚችሉ ነገሮች አሉ። በልክ ለሚበላና አዮዲን ለማያጥረው ሰው አያሳስብም። ዕለት በዕለት ለሚበላ ቤት ግን አዮዲን ያለው ጨው ይሁን፣ አዮዲኑ በረጅም መፍላት እንዳይባክንም መጨረሻ ላይ ይጨመር።

11ኛው ዱቄት የሚሸጥ ሰው ነው። በአክብሮት ሰላም ብሎ፣ ሽፈራው ከብርቱካን 7 እጥፍ ቫይታሚን ሲ፣ ከወተት 17 እጥፍ ካልሲየም እንዳለው፣ አንድ ማንኪያ በቀን እንደሚበቃና ከእርጥቡ እንደሚሻል ጻፈ። 12ኛው ምላሽ ሊፋጅ መጣ፤ ከምላሾቹ ሁሉ ረጅሙም እሱ ነው። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ፈታቸው። ደረቅ ዱቄት በ100 ግራም 2,000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም አለው፣ ወተት በ100 ግራም 120 ያህል፤ ሲካፈል 17 ይመጣል፣ እውነት ነው። ግን 100 ግራም ዱቄት ማን ይበላል? ዝርግ የሾርባ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚገኘው 120 ሚሊ ግራም፣ ማለት ግማሽ ብርጭቆ ወተት። መጥፎ አይደለም፤ 17 እጥፍ ግን አይደለም። የቫይታሚን ሲው ነገር ከዚህ ይከፋል። እርጥብ ጥሬ ቅጠል በ100 ግራም 50 ሚሊ ግራም አካባቢ አለው፣ ብርቱካንም እንደዚያው 50 አካባቢ፤ 7 እጥፉ ከየት መጣ? ሲደርቅ ደግሞ አብዛኛው ይጠፋል፤ ደረቅ ዱቄት በ100 ግራም 17 ያህል ይቀረዋል፣ በማንኪያ 1 ሚሊ ግራም። ለቫይታሚን ሲ ዱቄት መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው ብሎ ጨረሰ። ሻጩን አታላይ ማለቱ አልጣመኝም፤ ቁጥሩን ከማሸጊያ ላይ ገልብጦ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ግን ንጹሕ ነው፤ ደረቅን ከእርጥብ ማወዳደር ዘቢብን ከወይን ጋር በኪሎ እንደመመዘን ነው።

13ኛው ምላሽ ሻጩ ራሱ ነው፤ ተቆጥቷል። ስለ ጥራት እንጂ ስለ ሒሳብ አልጻፍኩም ይላል፤ ነገር ግን ከላይ የጻፈው ሒሳብ ነው። 14ኛው ጠቡን ትቶ ጥራት ምን እንደሆነ አስቀመጠ፣ ቤት ውስጥም ማድረቅ እንደሚቻል አሳየ። ቅጠሉ ታጥቦ፣ ውሃው ተራግፎ፣ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ከአንድ ጣት ውፍረት ሳይበልጥ ይሰጣል። በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጣል፤ በበጋ 3 ወይም 4 ቀን ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ የደረቀ ይነጣል፤ ቢጫው ቀለም አብሮ ይሄዳል። በክረምት ሐዋሳ ላይ እርጥበቱ ስለሚይዘው ከውስጥ ይሻግታል፤ ስለዚህ ከጥቅምት በኋላ ቢጠበቅ ይሻላል። ሲጨበጥ እንደ ደረቅ ቅጠል መንኮታኮት አለበት፤ ከታጠፈ አልደረቀም። ተፈጭቶ ብርሃን በማያስገባ ዕቃ ይከደን፣ በ6 ወር ውስጥ ይለቅ። ሲገዙም ቀለሙን ማየት፦ አረንጓዴ ከሆነ ጥላ አይቷል፤ ቡኒ ከሆነ ወይ ፀሐይ፣ ወይ ዕድሜ። ዱቄቱ ድስት ውስጥ የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ ከሽሮ ወይም ከአጥሚት ጋር ይሄዳል።

15ኛው ምላሽ ጥያቄ ነው፦ ስኳር ያለባት እናት ኪኒን አቁማ ሽፈራው ብቻ ብትወስድስ? 16ኛው አንድም ቃል ሳያለሳልስ አይሆንም አለ፤ ልክም ነው። ቅጠሉ የደም ስኳርንና ግፊትን በመጠኑ ሊያወርድ ይችላል፤ መድኃኒትን ግን አይተካም። ይልቅ ከኪኒኑ ጋር ተደምሮ ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይወሰድ፣ ሐኪምም ይወቀው። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው አረንጓዴ ቅጠል ቫይታሚን ኬ እንዳለው ይወቅ፤ አንድ ሳምንት ትቶ አንድ ሳምንት ማብዛት አይሆንም፣ መጠኑ የተለመደና እኩል ይሁን። ነፍሰ ጡር ቅጠሉን እንደ ምግብ ትበላለች፤ ሥሩንና ቅርፊቱን ግን በፍጹም፤ ማሕፀን ሊያኮማትሩ ይችላሉ። 17ኛዋ በዚሁ ላይ ቡናን ጨመረች፦ የቅጠል ብረት ሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይገባም፤ ከምግቡ ጋር ሻይ ወይም ቡና ከተጠጣ የሚገባው ይበልጥ ይቀንሳል። ቡናው ይፈላ፤ ሲኒው ግን አንድ ሰዓት ይቆይ። ሎሚው እዚህም ያግዛል።

18ኛው ነገሩን ወደ ግራዋ ወሰደው። መራራ ከተባለ ግራዋም ይበላል፤ ናይጄሪያዎች ወጥ ይሠሩበታል፤ እኛ ግን የጠላ ጋን እናጥብበታለን ብሎ ተቆጨ። 19ኛው አረመው፦ በናይጄሪያም ቢሆን እንደ ሽፈራው በመቀቀል ብቻ አይበላም። ጥሬው ቅጠል በጨው በኃይል ይታሻል፣ አረፋው እስኪያልቅና ውሃው እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ ነው ድስት የሚገባው። ካሜሮኖች ከተፈጨ ለውዝ ጋር ይሠሩታል። የግራዋ ምሬት በመታሸት ይወጣል፣ የሽፈራው ግን በመፍላት፤ ሽፈራው እንደ ግራዋ ከታሸ ተበጣጥሶ ያልቃል። ለውዙን ግን ለሽፈራውም መዋስ ይቻላል፤ አይብ በማይበላበት በጾም ቀን 100 ግራም የተቆላና የተወቀጠ ለውዝ የአይቡን ቦታ ይይዛል። ከርዕስ የወጣ ምላሽ እንዲህ ሲመለስ ደስ ይላል።

20ኛው ስለ መትከል ነው። ፍሬው 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይዘራ፤ ውሃ በሚቋጥር አፈር ይበሰብሳል፣ ሐይቁ ዳር ባሉ ረግረጋማ ግቢዎችም ሥሩ አይቆምም። ችግኙ ሰው ቁመት ሲደርስ ጫፉ ይቆረጥ፤ አለዚያ ወደ ላይ ይመዘዝና ለቅጠል መሰላል ያስፈልጋል። በተቆረጠ ቁጥር የሚያቆጠቁጠው ለጋ ነው፤ 2ኛው ምላሽ የፈለገው ቅጠል ከዚህ ይገኛል። አክሎም የተፈጨው ፍሬ የደፈረሰ ውሃ እንደሚያጠራ ጻፈ። ያጠራል፤ ጭቃውን አያይዞ ያዘቅጠዋል። ነገር ግን የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም፤ መፍላት አለበት። በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ለሚታወቅበት ፍሎራይድም በዚህ ፍሬ መተማመን አይቻልም፤ መፍላትም አያወጣውም።

ጠያቂዋ እዚህ ላይ ተመልሳ ሁሉንም አመሰገነችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ በአንድ ቀን የተሸመጠጠ ብዙ ቅጠል ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ ይሆን? 21ኛው ምላሽ እንዲህ መለሰላት። ጥሬው እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ይጠቁራል። ለረጅም ጊዜ ከሆነ የፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ ነክሮ ማውጣት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መክተት፣ ጨምቆ በአንድ ድስት ልክ እያጨበጡ በላስቲክ ማሰርና በረዶ ቤት ማስገባት። ሲወጣ በረዶው ሳይቀልጥ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ያ ውሃ እንደ ሁለተኛው ውሃ ይቆጠራል፣ ከ15 ደቂቃ በላይም አይፈልግም።